ሔዋን፣ ፓንዶራ፣ ድንቅነሽ፦ «የመጀመሪያዋ ሴት» የምትባለው የትኛዋ ናት?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሔዋንም፣ የግሪኮቹ ፓንዶራም፣ የኛዋ ድንቅነሽም «የመጀመሪያዋ ሴት» ሲባሉ አነባለሁ። ለሁሉም ይሄንኑ ብጽፍ ያስኬዳል? ወይስ «ቀዳማዊት ሴት» ልበል? ደግሞስ «ሔዋን» ነው «ሄዋን»?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። በሐመሩ ሐ፣ «ሔዋን» ብለው ይጻፉ። ዘፍጥረት 3፥20 «የሕያዋን ሁሉ እናት ናትና» ይላል። ሔዋን፣ ሕያዋን፣ ሕይወት በአንድ ፊደል ሲጻፉ ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል። በሃሌታው ሲጻፍ ይሄ ይጠፋል። ሙስሊሞች ሐዋ የሚሏትም እሷኑ ነው። ቁርኣን ግን ስሟን አይጠራም፤ ለአዳም «ሚስትህ» ብሎ ያልፋታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በስሙ መጨረሻ ያለው «ን» የስሙ ፊደል እንጂ የተሳቢ ምልክት አይደለም። ስለዚህ «እባብ ሔዋንን አሳታት» እንጂ «ሔዋን አሳታት» አይባልም። ይቺ ስህተት ጋዜጣ ላይ ሳትቀር ትገኛለች።

«ቀዳማዊት»ን ይተዉት። ዛሬ ቀዳማዊት ሲባል ጆሯችን የሚጠብቀው «እመቤት» የሚለውን ነው፤ ተማሪዎ ሔዋንን ቤተ መንግሥት ያስገባብዎታል።

«የመጀመሪያዋ ሴት» በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ነገር ግን የምን መጀመሪያ እንደሆነች አብሮ ካልተነገረ አንባቢውን ያሳስታል። ለሔዋን ይስማማል፤ በትረካው ከሷ በፊት ሴት የለችምና። ለፓንዶራም «በግሪኮች አፈ ታሪክ» ከተባለ ያስኬዳል። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሄሲኦድ እንደሚተርከው የአንጥረኞች አምላክ ሄፋይስቶስ ከጭቃ አበጃት፣ የሴቶች ሁሉ ዘር ከሷ መጣ። በታሪኩ ከፍታ መከራን ሁሉ ወደ ዓለም ያወጣችበት ዕቃ ደግሞ ሳጥን ሳይሆን ጋን ነው። «ሳጥን» የሚለው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ ታሪኩን ወደ ላቲን ሲመልስ የገባ ነው።

ድንቅነሽ ላይ ግን አልስማማም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለ ዝናዋ ክርክር የለኝም። መጀመሪያ ግን አይደለችም። እዚያው አፋር፣ አራሚስ ላይ የተገኘችው አርዲ የተባለች ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃኗ ሰላምም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። የሚገርመው ሰላምን «የሉሲ ልጅ» ያሏት ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ልጅ እናቷን መቶ ሺህ ዓመት ግድም ትበልጣለች ማለት ነው! በዚያ ላይ ድንቅነሽ የኛ ዝርያ አይደለችም፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የሚባል የጥንት ዝርያ ናት። ስለዚህ በሳይንስ ጽሑፍ «ሴት» ከማለት «እንስት» ማለትን እመርጣለሁ። «ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች እንስት» ቢሉ ማንም አይከራከርዎትም።

ሳይንስም የራሱ ሔዋን አለችው፤ እርስዎ ባይጠቅሷትም ተማሪዎቹ ያነሷታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎች ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ መርምረው የዛሬ ሰዎች ሁሉ የእናት ሐረግ አፍሪካ ውስጥ ምናልባት ከ200 ሺህ ዓመት በፊት በኖረች አንዲት ሴት እንደሚገናኝ ጻፉ። «ማይቶኮንድሪያዊት ሔዋን» ተባለች። ስሙ ማርኮ ያሳስታል። በዘመኗ ሌሎች ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ ከሷ በፊትም እናትና አያት ነበሯት። በሴት ልጅ በኩል ሳይቋረጥ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን የሷ ሐረግ ብቻ ነው። እሷን «በእናት ሐረግ የሁላችን የጋራ እናት» ይበሏት። ሐረጉ ይረዝማል፣ ይርዘም።

«የመጀመሪያዋ»ን ለብቻው አንጠልጥለው እንዳይተዉትም ይጠንቀቁ። «ዋ» እዚህ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ሥራ አላት፦ «የመጀመሪያዋ ሴት» ላይ እሷኑ ትለያለች፣ «ቃየን የመጀመሪያዋ ነው» ላይ ደግሞ የሔዋን መሆኑን ትናገራለች። ለተማሪ «የመጀመሪያ ልጇ ነው» ይሻላል።