ስለዚያች ትንሽ የዓይን ጠብታ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ዓይኗን እያሸች መጣችና ባዶ ብልቃጥ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ አምና ይህ ጠብታ አሽሎኝ ነበር። ያንኑ ከመድኃኒት ቤት ልግዛ?» አለችኝ። ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን የሚል ተጽፏል፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። «እንዳትገዢ!» ያልኩበት ድምፅ ራሴንም አስደነገጠኝ። ልጅቷ የተቆጣኋት መስሏት አቀርቅራ ሄደች። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ለእርሷና ለእኩዮቿ ነው።

በ1984 ዓ.ም. የዓይን ሕክምና ነርስ ሆኜ ወሎ ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ተመደብኩ። ሙቀቱና አቧራው የበረታበት አገር ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ፊቱን በነጠላ ሸፍነው አመጡ። ልጁ ፀሐይ ማየት አይችልም። የዓይኑ ነጭ ደፍርሶ ቡናማ መስሏል፤ ሲያሽ ውሎ ሲያሽ ያድራል። የላይኛውን የዓይን ቆብ ስገለብጠው ውስጡ ጠጠር እንደተነጠፈበት መንገድ ተጎርብጧል። በሞቃትና አቧራማ አገር፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን የሚይዝ የዓይን አለርጂ ነው፤ አብዛኞቹን ከጉርምስና በኋላ ይተዋቸዋል። ዴክሳሜታዞን አዘዝኩለት። በሳምንቱ ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ እየሳቀ መጣ። እናቱ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ የገበያ ቀን ጠብቀውም እንቁላል አመጡልኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳሁትም። «ሲብስበት ጨምሩለት» አልኳቸው። መቼ እንደሚያቆሙ ግን አልነገርኳቸውም።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጁ እናቱን በቁመት በልጧል። ሲገባ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ፤ ወንበሩንም ያገኘው በእጁ ዳስሶ ነው። የዓይኑ ነጭ ግን ጥርት ብሏል። አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ ዓይኑን አደንዝዤ፣ የግፊት መለኪያውን ብሌኑ ላይ አሳረፍኩ። ጤናማ ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የእርሱ ከ40 አለፈ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ያኔ እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ብልቃጥ አወጡ። «ያዘዝክልንን አንድም ቀን አላስታጎልንም፣ ልጄ። ሲያልቅብን ነጋዴ ከደሴ ያመጣልናል» አሉኝ።

ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭና በጠርዙ በኩል የሚወጣ ንጹሕ ውኃ አለ። ያ ጠብታ ለሳምንታት ሲዘወተር በአንዳንድ ሰዎች ላይ የውኃውን መውጫ ያጠበዋል። ውኃው መመንጨቱን አያቆምምና ግፊቱ ይጨምራል፤ ጫናው ከኋላ ያለውን የእይታ ነርቭ ይጎዳል። ነርቩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት። ሲሞቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ እይታውም ከዳር ከዳር እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ልጅ ከፊቱ ያለውን ፊደል እያነበበ በጎኑ ያለውን መቃን አላየም። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ ሞራው ወጥቶ፣ ሌንስ ተተክቶለት ባየ ነበር። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም።

ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። በቀዶ ሕክምና የግራ ዓይኑን ቅሪት ማዳን ተቻለ፤ ትምህርቱ ግን በዚያው ቀረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ለእናቱ እውነቱን አለመናገሬ ነው። «በሽታው ነው» አልኳቸው። «ጠብታው ነው፣ መቼ እንደሚያቆሙ ያልነገርኩዎ እኔ ነኝ» አላልኩም። እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ሐኪም ያለውን ማን ይጠይቅ ነበር? ሆኖም ጥያቄያችሁን ይዛችሁ የምትሄዱት ወደ መድኃኒት ቤት መስኮት ነው፤ የብልቃጥ ፎቶግራፍ ተላልካችሁ ትገዛላችሁ። ስልክ ዓይን ያጠፋል የሚሏችሁን አልደግፍም፤ እኔም በኩራዝ አንብቤ ነው ያደግሁት። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታፈጡበት ሳይ እቆጣለሁ። ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይቀንሳል፤ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ከዚያ ጠብታ ፍለጋ ይነሣል።

የሚያሳክክ ዓይን አትሹ፤ ዘወትር የሚታሽ ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት ሊሾል ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ በተከደነ ዓይናችሁ ላይ አድርጉበት። ጠብታው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ከዚያ ልጅ በኋላም ለብዙዎች አዝዣለሁ፤ ነገር ግን ቀኑን ቆጥሬ፣ ግፊቱን እየለካሁ ነው። ሐኪም ሲያዝላችሁ «ስቴሮይድ አለበት? ለስንት ቀን? ግፊቴ መቼ ይለካል?» ሳትሉ ከክፍሉ አትውጡ። በሐኪም ትእዛዝ የጀመራችሁትንም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ።

ልጅቷን በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያት አብረን ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄድን። ግፊቷ በሁለቱም ዓይኖቿ 15 ነው። ብልቃጡን እኔ ዘንድ ትታው ሄዳለች።