3/8 የሚለው መፍቻ ለምን 3/8 አልሆነም?

ሰላም እህቴ። አባትሽን ነፍስ ይማር።

ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ ላስታውስ። አባቷ ዓለም ገና ጋራዥ ነበራቸው። አሁን ግቢው ሊለቀቅ ነው። አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ የድሮ መፍቻና ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚሰካ ክብ መፍቻ) ቀርቷል። ቆራሌው በኪሎ ልውሰደው ብሏታል። እሷ ግን ሳትሸጠው ምን ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። በተለይ አንዱ መፍቻ ግራ አጋብቷታል። 3/8 ተብሎ ተቀርጾበታል፤ ከአዲስ 3/8 መፍቻ ጋር ስታስተያየው ግን አፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ተበልቶ ነው ወይስ የውሸት ነው?» ብላ ነው የጠየቀችው።

ተበልቶም አይደለም፣ የውሸትም አይደለም። እንዲያውም ከላክሻቸው ፎቶዎች መጀመሪያ ዓይኔ የገባው እሱ ነው።

እኔ ቃሊቲ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ነው የጀመርኩት። የድሮ መፍቻ መሰብሰብ ከጀመርኩ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ገላን ያለው ቤቴ አንዱ ክፍል በብረት ተሞልቷል። ባለቤቴ ቆራሌው በሰፈር ባለፈ ቁጥር «እንጥራው?» እያለች ታስፈራራኛለች። ስለዚህ የምነግርሽ ከዚያ ክፍል የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ካሊፐር፣ ማለትም ስፋትን በደቃቁ የሚለካ መሣሪያ፣ ፈልጊ። ከጎረቤት ጋራዥ ተዋሺ። ማስመሪያ አይበቃም፤ ጉዳዩ የግማሽ ሚሊሜትር ነው። የዚያን መፍቻ አፍ ለኪና 18 ሚሊሜትር ከመጣልሽ የእንግሊዝ ዊትወርዝ ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣው የቡሎን ጥርስ ልክ አለ። በእሱ ሥርዓት መፍቻው ላይ የሚጻፈው የቡሎኑ ግንድ ውፍረት ነው እንጂ የመፍቻው አፍ አይደለም። 3/8 ኢንች ማለት ወደ 9.5 ሚሊሜትር ነው። ግንዱ ይህን ያህል የሆነ ቡሎን ራሱ፣ ማለትም መፍቻው የሚይዘው ጭንቅላቱ፣ ደግሞ 18 ሚሊሜትር ይመጣል። አሁን ገበያ ላይ ያለው የኢንች መፍቻ ግን የሚጽፈው የአፉን ስፋት ነው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ይዘው ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት።

ከ3/8 አጠገብ ወይም ከጀርባው 7/16 የሚል ካየሽም አትደናገጪ። እንግሊዞቹ በኋላ ጥርሱ ደቀቅ ያለ ቡሎን አመጡ፤ የዚያኛው ራስ በአንድ ደረጃ ያነሰ ነው። ስለዚህ ደቃቁ 7/16 እና ዊትወርዙ 3/8 አንድ መፍቻ ይጋራሉ። የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች በዚህ ዓይነት ቡሎን የተሞሉ ነበሩ። አለቃዬ ላንድሮቨር ሲገባ ሌላ ሳጥን ነበር የሚያስመጣኝ። ያኔ ሰውዬው ሰነፍ ስለሆነ መፍቻ የሚያበዛ ይመስለኝ ነበር።

ልኬቱ 17.5 ከሆነ ግን አሜሪካዊ ነው። አሜሪካኖቹም ድሮ የግንዱን ውፍረት ነበር የሚጽፉት፤ የነሱ 3/8 ቡሎን ራስ 11/16 ኢንች ይሆናል። ግማሽ ሚሊሜትር ያልኩሽ ለዚህ ነው። እዚህች ላይ አገር ይለያል።

አሁን ደግሞ የምለምንሽ ነገር አለ። ምንም ነገር እንዳትፈትጊ።

እኔ ጅል ሆኜ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ከቃሊቲ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ዝገት የበላው መፍቻ አገኘሁ። ዳሰስ ሳደርገው መሀሉ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ሦስት መስመር ይሰማኛል፤ ከሥሩም ቁጥር አለ። ደስ ብሎኝ ቤት ወሰድኩትና ትራፓኖ ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ አስጮህኩት። ብረቱ እንደ መስታወት አበራ። ቁጥሩ ግን 194 ላይ ቆመ፤ የመጨረሻው አኃዝ ከዝገቱ ጋር ሄደ። ያ የቀስት ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መለያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የተሠራበት ዓመት ይመታል። በ1933 ዓ.ም. (በእነሱ 1941) ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባ ዕቃ ሊሆን ይችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣም ሊሆን ይችላል። እንዳላውቅ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ያበራል፣ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ።

ስለዚህ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። በማግስቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸት አሸት አድርጊና በጨርቅ አድርቂው። ከዚያ ጠመኔ ቀቢበትና ላዩን በጣትሽ ጥረጊው። ነጩ ጽሑፉ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል፣ ብረቱ ጠቁሮ ይታያል። የጎን ብርሃን አድርገሽ ፎቶ አንሺው። አቼቶ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። ዝገቱን በደንብ ያነሳል፣ ግን የኒኬል ወይም የክሮም ቅብ ካለው ሊልጠው ይችላል። ለባዶ ብረት ብቻ ተጠቀሚበት፤ ስታወጪውም ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ እጠቢውና ወዲያው ዘይት ቀቢው።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይመጣል። «ድሮፕ ፎርጅድ» የሚል ስታዪ የፋብሪካ ስም እንዳይመስልሽ። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለት ነው። «ክሮም ቫናዲየም»ም የብረቱ ዓይነት ነው። አንድ ነጋዴ «ክሮም ቫናዲየም የሚባል የጀርመን ካምፓኒ ነው፣ አሁን ተዘግቷል» ብሎ በሦስት እጥፍ ሸጦልኛል። እኔም አምኜ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

አገር የሚናገረው ጽሑፍ ግን ወርቅ ነው። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ካለ ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. መካከል መሆኑን በእርግጠኝነት ትናገሪያለሽ፤ ምዕራብ ጀርመን የምትባል አገር የነበረችው ያኔ ነው። ሃዜት የሚለውም የጀርመን ነው። ሄርማን ዜርቨር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1868 ያቋቋመው ነው፤ ስሙ የሰውዬው ስም ሁለት መነሻ ፊደላት፣ H እና Z፣ የጀርመንኛ አጠራር ነው። ለቮልስ የመፍቻ ዕቃ ይሠሩ ስለነበር እዚህም አልፎ አልፎ ይገኛል። ፋኮም ካየሽ ፈረንሳይ ነው፣ 1918 እ.ኤ.አ. የጀመረ።

ቮልስን ካነሳን፣ አራተኛው ፎቶ ላይ ያለው ያ ትልቁ ቡሶላ 36 ይመስለኛል። ለኪው። 36 ከሆነ አባትሽ ቮልስ ይሠሩ ነበር ማለት ነው ብል ብዙም አልሳሳትም። የቮልስ የኋላ ጎማ አክስል ዳዶ 36 ነው። ሲጠብቅም ቀልድ የለም፤ አንድ ሜትር ቧንቧ ገጥመሽ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። እኛ ቧንቧውን አስገብተን ሁለት ሆነን ነበር የምንቆምበት። የቡሶላው ከንፈር ተከፍቶ ወይም ቧንቧ የነከሰው ጠባሳ እጀታው ላይ ካለ እንደ ጉድለት አትቁጠሪው።

ለእኔ በጣም የሚጥመኝ ግን የሶቪየቱ ነው። በደርግ ጊዜ ከላዳና ከዚል ጋር ብዙ መጥቷል፣ ቆራሌ ጋ በየቀኑ ይገኛል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መለያው ቀላል ነው። የኛን «ሀ» የመሰለች፣ ግን ጅራት ያላት ፊደል ፈልጊ። ከአጠገቧ ለምሳሌ 0-65 የሚል ቁጥር ይኖራል። የመለኪያ ቁጥር አይደለም፣ ዋጋ ነው! 65 ኮፔክ። ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ስለነበር ብረቱ ላይ ይመቱት ነበር። እስቲ አስቢው፣ መርካቶ ውስጥ ዋጋው ብረት ላይ የተቀረጸ ዕቃ! አምስት ማዕዘን ያለው ምልክት አብሮ ካለ የጥራት ምልክታቸው ነው፤ እሱን መጠቀም የጀመሩት በ1967 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መፍቻው ከዚያ አይቀድምም።

ፒንሳዎቹንና ካቻቢቴዎቹን ከፎቶ መለየት አልቻልኩም። የግሪስ ፖምፓውን አቆዪው። ክሪኩ አዲስ ነው፣ ከፈለግሽ ሽጪው።

አሁን ወደ ታጠፈው መፍቻ ልምጣ። «አንዱ ደግሞ ጠማማ ነው፣ እሱን መጣል ነው» ብለሻል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጠማማ አይደለም። አንገቱ ጋ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ይታያል፤ ያ በእሳት የጋለ ብረት ቀለም ነው። ጫፉም በሞረድ ቀጥኗል። ሰው ሆን ብሎ አሙቆ ያጠፈው ነው። የኔ አለቃም እንዲህ ዓይነት ነበረው። የኤንትሬ (የፊያት ጭነት መኪና) ሞተር ጀርባ እጅ የማይገባበት አንድ ዳዶ ነበር፤ ሙሉ ዕቃ ላለማውረድ ሲል ጥሩ የጣሊያን መፍቻ ወስዶ ብየዳ ቤት አስሙቆ አጠፈው። ረዳት ሆነን እሱን መፍቻ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም ነበር። ሲሞት ልጁ ከሌላው ጋር በኪሎ ሸጠው። ምናለሽ ተራ ድረስ ሄጄ ሦስት ቀን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም።

የሃዜትን ታሪክ ዛሬም ነገም ማንበብ ይቻላል። ያንቺን የታጠፈ መፍቻ ግን የትኛው መኪና ላይ የትኛውን ዳዶ እንደሚፈታ የሚያውቁት አባትሽና ረዳቶቻቸው ብቻ ናቸው። አንድ የድሮ ረዳታቸው ሰበታ እንዳሉ ጽፈሻል፣ እድሜያቸውም ሰማኒያ እንዳለፈ። በዚህ ቅዳሜ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ሂጂ። ምን እንደሆነ አትጠይቂያቸው፣ እጃቸው ላይ ብቻ አድርጊላቸው። የሚሉሽን በስልክሽ ቅጂና እዚህ አምጪልን።

ቆራሌውን ደግሞ ሰኞ ና በይው።