የራስ ቅል ንቅሳት ትርጉሙ ሞት ብቻ ነውን?
ወንድሜ፣ በክንድዎ ላይ በጥቁርና ግራጫ የራስ ቅል ለመነቀስ አስበው ትርጉሙ ሞት ብቻ እንደሆነ ጠይቀዋል። በአውሮፓ ሥዕል የራስ ቅል ሟችነትን ማስታወሻ ቢሆንም፣ በእኛ ዘንድ ግን ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ የራስ ቅል ስፍራ ማለት ሲሆን፣ በስቅለት ሥዕሎች ከመስቀሉ ሥር የሚሣለው የአዳም ራስ ቅል፣ የጌታ ደም ሲንጠባጠብበት፣ ድኅነትን እንጂ ጥፋትን አያመለክትም። እኔ የባሕር ዳር ሰው ነኝና፣ ንድፉን ከመወሰንዎ በፊት በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ቢመለከቱ እመክራለሁ።

ግራጫው ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ ቀለም በውኃ ቀጥኖ የሚገኝ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ፈዛዛው ስለሚጠፋ፣ የዓይን ጎድጓዶቹ በደንብ ጠቁረው፣ ግንባሩና የጉንጩ አጥንት ቀለም ሳይነካቸው በቆዳው እንዲታዩ ይተዉ። ሥዕሉ ከመዳፍ ባያንስ እመርጣለሁ፤ ትንሽ ከሆነ ጥርሶቹ ከዓመታት በኋላ ይደባለቃሉ።