የደበዘዘ ዳሽቦርድ፦ ስክሪኑን ከመጣልህ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እ.ኤ.አ. የ1986 ሥሪት ኮርቬት መኪና አለኝ። ዳሽቦርዱ ዲጂታል ነው። ማታ ማታ ፍጥነቱን እንደምንም አነባለሁ። ቀን ግን ቁጥሩ ጨርሶ አይታይም። ጥቁር መሆን የነበረበት መደብ ገርጥቶ ቡናማ ሆኗል። አንድ ባለሙያ «ስክሪኑ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይረው» አለኝ። መኪናዋን የወረስኳት ከአባቴ ስለሆነ ዕቃዋን መለወጥ ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አትቀይር። ቢያንስ አሁን አትቀይር። እንደ አጻጻፍህ ከሆነ የሞተው ስክሪኑ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ፊልም ነው። ይሄ ነገር ዕድሜው ያላለቀ ዕቃ ስለሚያስጥለን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ከ1984 እስከ 1989 የተሠሩት ኮርቬቶች ዳሽቦርዳቸው ኤልሲዲ ነው። በ1990 ዳሽቦርዱ ተለውጦ ጌጆቹ (መለኪያዎቹ) ወደ ቀስት ተመለሱ፤ ፍጥነቱ ግን በቁጥር ቀረ። ኤልሲዲ ራሱ ብርሃን አያወጣም። ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላው ካለው አምፑል ነው። በሁለት ስስ መስታወቶች መሃል ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ከፊትና ከኋላ ደግሞ ፖላራይዘር የሚባል ፊልም አንድ አንድ ተለጥፏል። ፊልሙን ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ወንፊት ቁጠረው። ሁለቱ ተባብረው መደቡን ሲያጠቁሩት ነው ቁጥሩ ጎልቶ የሚወጣው።

ይህ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን የጠጣ ፕላስቲክ ነው። ከፊት ፀሐይ፣ ከኋላ የአምፑል ሙቀት ለዓመታት ሲጠብሱት ኃይሉን ያጣል። ያኔ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ቁጥሩም ከመደቡ ጋር ይመሳሰላል። መስታወቱና ክሪስታሉ ግን ደህና ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ።

አንድም ቪቴ ሳትፈታ ይህን አረጋግጥ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ከሰው ተዋስ። ቁልፉን ክፈት፤ ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። መነጽሩን ከዳሽቦርዱ ፊት ይዘህ እንደ መሪ ቀስ እያደረግክ አዙረው። አንድ ቦታ ላይ መደቡ ድንገት ይጠቁርና ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ከወጣልህ ጥፋተኛው የፊቱ ፊልም ነው። ካልወጣም ተስፋ አትቁረጥ። የኋላው ሊሆን ይችላል፤ ለአምፑሉ የሚቀርበው እሱ ነው።

መነጽሩ የማይፈታቸው ሁለት ችግሮች አሉ። ከመስታወቱ ጠርዝ ጀምሮ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር ነገር ካየህ፣ ክሪስታሉ እየፈሰሰ ነው። እሱ አይጠገንም። ቁጥሩን ከሚሠሩት ጭረቶች አንዳንዱ ብቻ ከጎደለ ግን ጣጣው የማገናኛ ነው። መስታወቱና ሰርኪዩቱ የሚገናኙት በስስ ጎማ ከሆነ፣ ጎማውንና የሚነካካበትን ቦታ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽድተህ መልሰህ እኩል ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ያንተ መኪና ኤርባግ የላትም፤ ኮርቬት ላይ የመጣው በ1990 ነው። ሌሎች አንባቢዎች ግን መሪ መፍታት ካለባችሁና መኪናው ኤርባግ ካለው ለባለሙያ ስጡት። እያንዳንዱን ሶኬት ሳትነቅል በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ያረጀ ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ቅጠል ነውና ማንኛውንም ነገር በጉልበት አትሳብ።

መስታወቱን አውጥተህ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኛው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተህ አትደንግጥ። ፊልሙን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ሲበሰብስ አሴቲክ አሲድ ያወጣል። አሲዱ ማገናኛዎችን ስለሚበላ በዚያው አጽዳቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጣም ተጠንቅቀህ አንብብ። አሮጌውን ፊልም ከመላጥህ በፊት አቅጣጫውን ምልክት አድርግ። አዲሱን ፊልም አሮጌው ላይ ደርበህ ወደ ብርሃን ያዝና አዙረው። በጣም የሚጠቁርበት ቦታ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ከዚያ ሩብ ዙር ስታዞረው አንድ ዓይነት ይሆናሉ። እዚያ ላይ አዲሱን ፊልም በማርከር ቀስት አድርግበት። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ይህን ሳላደርግ ላጥኩት። ፊልሙን በግምት ለጥፌ ሁሉንም መልሼ ገጣጥሜ ቁልፉን ስከፍት መደቡ እንዳለ በራ፣ ቁጥሮቹ ደግሞ ጥቁር ሆኑ። በሩብ ዙር ተሳስቼ ነበር። የሦስት ሰዓት ልፋት ነበር፤ በማግስቱ ከዜሮ ጀመርኩት። አሁን የትኛውንም ፊልም መጀመሪያ ሳልለጥፍ አስቀምጬ፣ ስክሪኑን አገናኝቼ አይቼ ነው የምለጥፈው።

ስትላጥ ፊልሙን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው። በጣም አታሙቀው። አንዱን ማዕዘን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለህ አንሳ፤ ምላጩ ወደ መስታወቱ ተኝቶ እንጂ ቆሞ አይሂድ። ከዚያ ፊልሙን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈህ፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርገህ ሳበው። በፍጥነት ከሳብከው መስታወቱ ጠርዙ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቀጭ የሚለውን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ጓንት አድርግ። የሚቀረው ሙጫ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይለቃል፤ እየደጋገምክ ነው እንጂ ባንዴ አይሆንም። አሴቶን አትጠቀም፤ የመስታወቱን ጠርዝ የሚያሽገውን ነገር ሊያጠቃው ይችላል።

አዲስ ፊልም ስትገዛ ሊኒየር ፖላራይዘር፣ ሙጫ ያለበት ብለህ ጠይቅ። ለካሜራ የሚሸጠውን ሰርኩላር አትውሰድ። ከአንድ ጠርዝ ጀምረህ አየሩን እየገፋህ ለጥፈው። አቧራ የሌለበት ክፍል ፈልግ፤ አንዲት የጥጥ ጭረት ከሥሩ ብትቀር ማታ ሲበራ እንደ ኮከብ ታያታለህ።

አምፑሎቹንም አትርሳ። ከሚፈቀደው ዋት የበለጠ አታስገባ፤ ፊልሙን የገደለው ያ ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ብታደርግ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሰማያዊነት የሚያጠቃው ኤልኢዲ የቁጥሮቹን ቀለም ያበላሻል። ወደ ድሮው ሞቅ ያለ ነጭ የሚጠጋውን ምረጥ። መኪናዋን ስታቆምም መስታወቷን በፀሐይ መከላከያ ሸፍናት።

ሙሉውን ዳሽቦርድ ከሌላ መኪና ማምጣት ደግሞ የሌላ መኪና የተነዳ ኪሎ ሜትር ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአባትህ መኪና የራሷን ታሪክ ይዛ ትቀጥል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ መኪና ስክሪን ራሱ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። አሁን ደብዝዟል፤ አንዳንዴ ዳሽቦርዱን ስመታው ይመለሳል። ፊልም ልለጥፍበት?

መልስ፦ እህቴ፣ አትለጥፊ። ያንቺ ኤልሲዲ ሳይሆን ቪኤፍዲ የሚባለው፣ አየሩ የወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ፖላራይዘር አያስፈልገውም። ስትመቺው መመለሱ ጥሩ ዜና ነው። ብዙ ጊዜ ሰርኪዩቱ ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የደረቀ ካፓሲተር አለ ማለት ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ብየዳ የሚችል ሰው መጀመሪያ እነዚህን ያይልሽ። ሌላው ደህና ሆኖ ሁልጊዜ የሚበራው ጭረት ብቻ ከደበዘዘ ግን ፎስፈሩ (ብርሃን የሚሰጠው ቅብ) አልቋል፤ ያ አይመለስም። ቱቦው ሲወጣ ጥግ ላይ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ትንሽ ነጥብ ፈልጊ። ብርማ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አየር አልገባም። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶበታል፤ ያኔ ብየዳ ላይ ገንዘብ አታውጪ፣ ሌላ ቱቦ ፈልጊ። እስከዚያው ግን መምታቱን ተዪ፤ ስንጥቁን ያሰፋዋል።