ከቤቱ ወጥታችሁ ፍርሃቱ ላልለቀቃችሁ

ልጆቼ፣

በሥነ ልቦና ሕክምና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በዱላና በፍርሃት ካደጉት አንድም ወጣት «ልጅነቴ አመመኝ» ብሎ አይመጣም። «እንቅልፍ አጣሁ»፣ «በትንሹ እቆጣለሁ»፣ «ሰው ሲቀርበኝ እሸሻለሁ» ነው የሚለው። ስለ ልጅነቱ ስጠይቀው «እሱማ አለፈ» ይለኛል።

አለቃው «ነገ ጠዋት ላናግርህ» የሚል አጭር መልእክት የላከለትን ሰው አስቡት። ገና ጉዳዩን ሳያውቅ ልቡ ይመታል፣ እጁን ያልበዋል፤ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ሳይተኛ ያነጋል። ጠዋት ሲገባ ጉዳዩ የዓመት ፈቃድ ሆኖ ያርፈዋል። ይህ ሰው ፈሪ አይደለም። የአባቱን ኮቴ ከደጅ ሰምቶ ዛሬ ዱላ እንዳለ እንደሌለ የሚለይ ልጅ ነበር። ያኔ ያ ንቃት አትርፎታል፤ ዛሬ ነው ቦታውን የሳተው።

አደጋን የሚያነፈንፈው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ገና በጨቅላነት ሥራ ይጀምራል። ረጋ ብሎ የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በስሎ አያልቅም። በየቀኑ የሚደነግጥ ልጅ ሰውነቱ ድንጋጤን እንደ ኑሮ ይለምደዋል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ልጅ የሚያሳድገውን ሰው «ክፉ ነው» ማለት አይችልም፤ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል። ዱላው ተረስቶ እንኳ «መጥፎው እኔ ነኝ» የሚለው ይቀራል። በሥራዬ ለመንቀል እንደዚህ ያስቸገረኝ ነገር የለም።

አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩት ምንም ካላዩት ሲነጻጸሩ ለመጠጥ ሱስ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንዳችሁ ዕጣ አይናገርም፤ እባካችሁ እንደ ፍርድ አታንብቡት።

ስሜታችሁ ከተፈጠረው ነገር በእጅጉ ሲበልጥ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት «ይህን ከየት አውቀዋለሁ?» በሉ። «ይቅር በልና እርሳው» የሚላችሁ ቢበዛም አትቸኩሉ፤ ይቅርታ በትእዛዝ አይመጣም። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም የመዘርገፍ ግዴታ የለባችሁም። በእንዲህ ያለ ጉዳት ላይ ሠልጥኖ እንደሆነ ጠይቁት፤ ሲከብዳችሁ «እዚህ ላይ ይብቃኝ» በሉት። ደህና ባለሙያ ከሆነ በዚህ ቅር አይለውም።