ከግድቡ ዳር ያለው ለምለም ሣር

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ ከቆጋ ግድብ በላይ፣ ከውሃው ዳር የምኖር ገበሬ ነኝ። ድሮ የምናግጥበት ሜዳ አሁን ውሃ ተኝቶበታል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን ለምለም ሣር ይወጣል፤ ከብቶቼን የማሰማራው እዚያ ነው። ዘንድሮ ሁለት ላሞች ከሱብኝ፣ ወተታቸውም ነጠፈ። አንዷ ደግሞ መንጋጋዋ ሥር አብጧል። ባለሙያዎች ይመጡና ‹ዳርቻውን አታግጡ፣ አትረሱ፣ ግድቡ በደለል ይሞላል› ይሉናል። ሣሩ እያለ ከብቴ ይራብ? ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። የላሞቹም የግድቡም መልስ ግን ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ውሃውና መሬቱ የሚገናኙበት ጭቃ ላይ።

ከላሟ እንጀምር፣ ግድቡ ይቆየን። እብጠቱን በጣትዎ ጫን ያድርጉት። እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ቀጥሎ የዓይኗን ቆብ ገልብጠው ይዩ። ቀላ ማለት ሲገባው ነጣ ካለ ደም አንሷታል። ከውሃ ዳር የምትግጥ ላም እንዲህ ስትሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጉበት ትል ነው። የሆድ ትልም ይህን ያደርጋል። ስለዚህ በግምት መድኃኒት አይግዙ።

ፋሲካ ላይ ቅርጫ ገብተው የበሬው ጉበት ሲቆረጥ ቢላዋው አሸዋ እንደነካ ጭርጭር ሲል ሰምተው አያውቁም? ያ ትሉ ኖሮበት የደነደነ ቧንቧ ነው። ጨመቅ ሲያደርጉት ደግሞ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይወጣል። ያ ትል ላሟ ውስጥ ሆኖ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ ከእበት ጋር ይወጣል። እበቱ ውሃ ዳር ከወደቀ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ጭቃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እሷ ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ከውሃው ጠርዝ ያለው ሣር ላይ ይጣበቃል። በዓይን አይታይም። ላሟ ሣሩን ስትግጥ አብራ ትውጠዋለች። ጉበት ገብቶ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው በታኅሣሥ የጋጠችው ላም በመጋቢት የምትከሳው። ያኔ እርስዎ የሚያማርሩት መኖ ማነሱን ነው፤ ጥፋቱ ግን የተሠራው ሣሩ ለምለም በነበረ ጊዜ ነው።

በግ ካለዎት ይበልጥ ይፍሩ። በግ ሳይከሳ በድንገት ሊሞት ይችላል።

ግድብ ከመሠራቱ በፊትም የጉበት ትል ነበረ፤ ረግረግ ያለበት አገር ሁሉ ያውቀዋል። ግድቡ ያመጣው ለውጥ ሌላ ነው። ወንዝ በበጋ ሲጎድል ዳሩ ይደርቃል፣ ቀንድ አውጣውም አብዛኛው ያልቃል። የግድብ ውሃ ግን መስኖ እየተለቀቀለት ቀስ በቀስ ነው የሚሸሸው። ከኅዳር እስከ ግንቦት በየሳምንቱ አዲስ እርጥብ ጭቃ፣ በላዩም አዲስ ሣር ይወጣል። ለቀንድ አውጣ ከዚህ የተሻለ አገር የለም። ሌላው ሜዳ ሲደርቅ የአካባቢው ከብት ሁሉ የሚሰበሰበውም እዚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ኮቴው እንምጣ። ውሃው ዳር ሄደው ላሞቹ የረገጡትን ይዩ። እያንዳንዱ ኮቴ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ፀሐይ ያገኘዋል፣ አሳ አይደርስበትም። የወባ ትንኝ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በትግራይ ከትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ገደማ በወባ ይያዙ እንደነበር አሳይቷል። «እኛ አገር ደጋ ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ከተጠኑት መንደሮች 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉም ነበሩበት። ስለዚህ የልጆቹ አጎበር በበጋም አይታጠፍ። ከብት ለመጠበቅ ወርደው ውሃው ዳር የሚዋኙ ከሆነ ደግሞ ቢልሃርዝያም አለ። እሱም የሚመጣው ከቀንድ አውጣ ነው፤ ዓይነቷ ሌላ ቢሆንም።

ኮቴ ሌላም ጥፋት አለው። የረገጠውን አፈር ያላላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያ አፈር ቀጥታ ግድቡ ውስጥ ነው የሚገባው። እርሻው ደግሞ ከግጦሹ ይብሳል። ውሃ የሸሸበትን መሬት ሽንብራ ወይም ጓያ ልዝራበት ብሎ እስከ ጠርዙ የሚያርስ ሰው አፈሩን ለግድቡ ነው የሚያርስለት። አዋሽ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ (ከእርስዎ ቆጋ ጋር በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት) ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ ነው፤ ውሃ ይይዝበት ከነበረው ቦታ ትልቅ ድርሻ ደለል ወስዶበታል። በትግራይም ከተሠሩት ትናንሽ ግድቦች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሳይደርስ በደለል ተሞልተዋል። ቆጋ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ደለሉ በጨመረ ቁጥር የሚያጥረው ከታች ያለው የወንድምዎ መስኖ ነው።

እዚህ ላይ የኛን የባለሙያዎቹን ጥፋት ልናገር። «አታግጡ» ማለት ቀላል ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ አንድ መንደር ቦረቦር አስከልዬ፣ ሣር አስተክዬ፣ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። በፋሲካ ስመለስ አጥሩ ማገዶ ሆኗል፣ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጧል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ላሜን ምን አብላት ብለህ ነው የዘጋኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መኖ ሳላሳይ ዳርቻ ዝጉ ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ መኖውን እንቁጠረው። 250 ኪሎ የምትመዝን የሀበሻ ላም በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የዳጉሳና የበቆሎ አገዳ፣ የጤፍ ጭድ አለዎት፤ ሆድ ይሞላል፣ ወተት ግን አይሰጥም። የሚያግዘው አረንጓዴ ነው። ሰኔ ላይ መሬቱ ሲርስ በእርከኑ ጠርዝ ሁሉ ደሾ ሣር ይትከሉ። ዘር አያስፈልገውም፤ ሥር ያለውን ገንጥለው እንደ ችግኝ መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። እርከኑን ይይዛል፣ አፈሩን ያስቀራል፣ ለላሟም ይታጨዳል። ጓሮ አካባቢ ዝሆኔ ሣር፣ አጥሩ ላይ ሰስባንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ይትከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አይጠብቁ።

የዳርቻውን ሣርም ጣሉት አልልም። ላሟ ወደ ሣሩ ከምትሄድ ሣሩ ወደ ላሟ ይምጣ። ውሃው ውስጥ የቆመውን ይተዉት፤ ከፍ ካለው ደረቅ በኩል፣ ከሥሩ ሳይሆን ከፍ አድርገው ይጨዱ። በፀሐይ እስኪንኮሻኮሽ ያድርቁትና ድርቆሽ አድርገው ይከምሩት። ሳምንታት ቆይቶ ይበላ። እርጥቡን እንዳጨዱ ከሰጡ ግን ትሉን ተሸክመው ቤት አመጡት ማለት ነው።

ለመጠጥ ከጎረቤት ጋር ሆነው አንድ መውረጃ ብቻ ይምረጡ፤ ድንጋይ ይንጠፍበት። ከተቻለ ውሃው በባልዲ ተቀድቶ ከዳር ራቅ ባለ ገንዳ ላይ ይጠጡ። ይህ አልቅቱንም ይቀንስልዎታል። እበቱን እየለቀሙ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይክተቱ፤ ሲግል የትሉ እንቁላል ይሞታል። የፀረ ተባይ መርጫም ግድቡ ውስጥ አይታጠብ። የቆጋ ውሃ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ጣና ነው የሚገባው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ትንሹንም ትልቁንም ትል ይገድላል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው፤ ገና ላረገዘች ላም ደግሞ አይሰጥም። ላሟ የምትታለብ ወይም ያረገዘች ከሆነች አስቀድመው ይናገሩ፤ ወተቱ የማይጠጣበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ክረምት ሳይገባ አንድ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሌላ ነው። እንደ እርስዎ በጋውን ሙሉ ውሃ ዳር ለሚያግጥ ግን ሐኪሙ ጊዜውን ሊቀይረው ይችላል። የእርስዎ ብቻ ታክመው የጎረቤትዎ ከቀሩ ደግሞ ገንዘብዎን ጭቃ ላይ ጣሉት።

መንጋጋዋ ያበጠውን ላም ግን ለሰኔ አያቆዩአት። ነገ ጠዋት ትኩስ እበቷን በላስቲክ ቋጥረው ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱ። ጠዋት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከሰዓት ማይክሮስኮፑ ይኖራል፣ የሚያይበት ሰው ላይኖር ይችላል።