ለ48 መደብ አቅም ከሌለ፦ የአፈር መሸርሸር ሙከራ በ10 መደብ

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ተዳፋት፣ ገለባ ማልበስ፣ የአስተራረስ አቅጣጫና እርከን አፈር በመሸርሸር ላይ ያላቸውን ድርሻ በአንድ ክረምት መለካት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ሁለት ደረጃ ስላለው 16 ቅንጅት ይመጣል፤ ሦስት ጊዜ ሲደገም 48 መደብ (ለሙከራ የተከለለ ቁራጭ መሬት)። አቅሜ ከ10 አያልፍም። አንድ በአንድ እየቀያየርኩ ልሞክር?

መልስ፦ አንድ በአንድ አይሞክሩ፤ እያንዳንዱ ንጽጽር በሁለት መደብ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ከ16ቱ ግማሹን ይውሰዱ። የእያንዳንዱን አንዱን ደረጃ 0፣ ሌላውን 1 ይበሉ (ለምሳሌ ሽቅብ ቁልቁል ማረስ 0፣ አግድም ማረስ 1)፤ ከዚያ የ1 ብዛታቸው ተጋማሽ የሆኑትን ብቻ ያስቀሩ። አንድም 1 የሌለው አንድ፣ ሁለት ያላቸው ስድስት፣ አራቱም ያሉት አንድ፦ 8 መደብ። አሁን እያንዳንዱ ነገር አራት ለአራት ይነጻጸራል።

ዋጋው ይህ ነው፦ የገለባና የእርከን መስተጋብር (የአንዱ ውጤት በሌላው ደረጃ መለዋወጡ) ከተዳፋትና ከአስተራረስ መስተጋብር ጋር ይደባለቃል። መለየት ካስፈለገ በሚቀጥለው ክረምት የቀረውን ግማሽ ይሠሩ።

በተረፉት 2 መደቦች ከስምንቱ ሁለቱን ይድገሙ፤ አንዱን በለስላሳው፣ አንዱን በገደላማው ተዳፋት። አለበለዚያ ልዩነቱ የእርከኑ ይሁን የአፈሩ የራሱ ጠባይ አይታወቅም። ሃያ ዝናብ ለክቼ ሃያ ድግግሞሽ አለኝ እንዳይሉ፤ መደቡ ያው አንድ ነው። ገለባ፣ አስተራረስና እርከን በየተዳፋቱ በዕጣ ይመደቡ። ተዳፋት ግን በዕጣ አይወጣም፤ ስለዚህ ሁሉንም ገደላማ መደብ አንድ ማሳ ላይ አያጉሩ፣ ውጤቱንም በጥርጣሬ ያንብቡ።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ከመደቡ ግርጌ ጎርፉንና አፈሩን በሚያጠራቅመው በርሜል ላይ ነው። 2 በ15 ሜትር መደብ 30 ካሬ ሜትር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30 ሊትር ያመጣል። የሐምሌ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግማሹ ቢወርድ 600 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሞልቶ ይፈሳል፣ የጠፋውም ትልቁ ጎርፍ ነው። ከበርሜሉ አፍ ላይ አሥር እኩል ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ይግጠሙና የአንዱን ቀዳዳ ውሃ ብቻ ወደ ሁለተኛ በርሜል ይውሰዱ፤ 400ው ትርፍ 40 ሊትር ይሆናል። ማከፋፈያው በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ትንሽ ካዘመመ ስህተቱ በአሥር ይባዛል።

ናሙና ሲወስዱ ከታች የረጋውን ጭቃ ለብቻ ይመዝኑ፣ ከእሱም ትንሽ ለማድረቂያ ይያዙ። ቀሪውን ውሃ እያማሰሉ ወዲያው 1 ሊትር ይቅዱ። ሁለቱንም በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቀው ይመዝኑ። ሳያማስሉ የቀዱት ናሙና አፈሩን አሳንሶ ያሳያል።

ለገለባው በሄክታር 4 ቶን ካሰቡ በመደብ 12 ኪሎ ነው። በወሎ ገለባ መኖ ነውና አጥር ከሌለ ከብት ይጨርሰዋል፤ በእሾህ ይከልሉት። በስሌቱ ጊዜ የአፈሩን መጠን ወደ ሎጋሪዝም ይቀይሩ፤ ካልቀየሩ ሁለት ሦስት ኃይለኛ ዝናብ ውጤቱን ብቻቸውን ይወስኑታል።